ጎንደር ላይ የላንድስኬፕ ዲዛይን ኢንተርንሽፕ የት ይገኛል?

የአዘዞው ልጅ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። የአርክቴክቸር 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምማረው ሌላ ከተማ ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን አዘዞ ናቸው። ኢንተርንሽፓችን ከየካቲት እስከ ሰኔ ነው። የቤት ኪራይ ሳላስብ እናቴ ጋ እየበላሁ ልሥራ ብዬ ጎንደር ለመውጣት ወሰንኩ።

ችግሩ እኔ የምፈልገው ላንድስኬፕ ነው። ሕንፃ መሳል አልጠላም። ልቤ ያለው ግን ግቢው ላይ፣ መንገዱ ላይ፣ ዛፉ ላይ ነው። ሰሞኑን የትብብር ደብዳቤዬን ይዤ ፒያሳ አካባቢ ያሉ ቢሮዎችን ዞርኩ። አንዱ «አበባ መትከል ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላው ጋ ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ተቀብላ «እንደውልልሃለን» አለችኝ፤ እስካሁን ዝም ነው። አንድ ቢሮ «ና» ብሎኛል፤ ሥራው ግን ከጠዋት እስከ ማታ የአፓርታማ ፕላን በአውቶካድ መሳል ነው።

ጎንደር ውስጥ ላንድስኬፕ የሚሠራ ቦታ አለ ወይ? ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ? አክስቴ ሳሪስ አለች፤ ቤቷ ግን ጠባብ ነው፣ ላስቸግራት አልፈልግም። ምን ይዤ ልሂድ? ክፍያስ አለው? የምታውቁ ተባበሩኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ስኬል አንድ ለመቶ

አዲስ አበባ ሂድ ወንድሜ። ላንድስኬፕ ያለው እዚያ ነው። እንጦጦ ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ የወንዝ ዳር ልማቱ… ሲቪህ ላይ የሚያምረው እሱ ነው። ጎንደር ከቀረህ ደግሞ ያንን «ና» ያለህን ቢሮ አትልቀቀው። ዞሮ ዞሮ የምትፈልገው ፊርማና ማኅተም ነው። ላንድስኬፑን ማስተርስ ላይ ትደርስበታለህ።

ቀሃ ማዶ

ስኬል፣ አትቀየመኝ እንጂ ይኼ ምክር ላንድስኬፕ ለሚፈልግ ልጅ አይሆንም። እንጦጦን ማየት ጥሩ ነው። ለማየት ግን አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃል። ኢንተርን ሆኖ ትልቅ ቢሮ ቢገባ የሚሰጡት ሌላ ሰው የነደፈው ሥራ ሬንደር (የኮምፒውተር ምስል) ላይ ዛፍ መለጠፍ ነው። ዛፉም ከሶፍትዌሩ ላይብረሪ የወጣ፣ እዚህ አገር በቅሎ የማያውቅ ዛፍ ነው።

የአዘዞው ልጅ፣ እኔም አርክቴክቸር ነው የጨረስኩት። አሁን እዚሁ ጎንደር አንድ አነስተኛ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ነኝ፤ ሳይት የምከታተለው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ኢንተርን ይመጣብናል። እና የምነግርህ ከዚህኛውም ከዚያኛውም ወገን ሆኜ ነው።

በሩ ላይ «ላንድስኬፕ» ብሎ የለጠፈ ቢሮ ስትፈልግ የካቲት እንዳያልፍህ። እዚህ ሥራው ተበታትኖ ነው ያለው። ከፊሉ የኮሪደር ልማቱን የያዙት ኮንትራክተሮች ጋ ነው፤ የእግረኛ መንገዱ፣ ከርብስቶኑ (የመንገድ ጠርዝ ድንጋዩ)፣ የዛፍ ጉድጓዱ ሁሉ በእነሱ እጅ ያልፋል። ከፊሉ ማዘጋጃ ቤት የውበትና መናፈሻ ሥራ የሚሠሩት ጋ ነው። ከፊሉ ሆቴሎች ግቢ ውስጥ፣ ከፊሉ ችግኝ ጣቢያ ነው። ጎርጎራም አለ፤ ከከተማ ውጭ ለመሄድ ግን መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ጠይቅ፣ ቤተሰብህንም አማክር።

ደብዳቤህን ይዘህ ጸሐፊ ጋ ወረፋ አትያዝ። ሳይት ሂድ። ፎርማኑን ወይም ሳይት መሐንዲሱን ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያዘው። ከዚያ በኋላ ወይ ዕቃ ፍለጋ ወጥቷል ወይ ስልክ ላይ ነው። «ኢንተርንሽፕ ስጡኝ» አትበለው፤ እሱ የሚሰጠው ነገር ያለው አይመስለውም። «ሰርቬየሩን (መሬት ለኪውን) ላግዝ፣ ሜትር ልያዝ» በለው። ሜትር የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ይጎድላል። ሰው ከለመደህ በኋላ ደብዳቤው ራሱ መንገዱን ያገኛል።

«ና» ስላለህ ቢሮ። እኔ ብሆን እምቢ አልልም፤ እደራደራለሁ። አፓርታማውም እኮ ግቢ አለው። መኪና ማቆሚያ፣ መግቢያ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የጣሪያ ውሃ መውረጃ አለው። አብዛኛው ቢሮ ሳይት ፕላኑን፣ ማለትም የግቢውን አጠቃላይ ንድፍ፣ የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ፣ ፕሪንት ሊወጣ ሲል ነው። ሕንፃው ከተቀመጠ በኋላ በተረፈው ቦታ ላይ ክብ ክብ ይሳልና ዛፍ ነው ይባላል። የምን ዛፍ? ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? ከመሠረቱ በስንት ይራቅ? ማንም አልጻፈውም። «ፕላኑን እሠራለሁ፤ ሳይት ፕላኑን ግን ለእኔ ተዉልኝ» በላቸው። ማንም አይሻማህም። እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

አንድ ነገር ልብ በል። ጊዜህ ከየካቲት እስከ ሰኔ ነው። ጎንደር ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዛፍ የሚተከለውም ያኔ ነው። ስለዚህ ተከላውን አታየውም ማለት ነው። የምታየው የአፈር ቆረጣና ሙሊት፣ የድንጋይ ሥራ፣ ንጣፍና ፍሳሽ ነው። ቅር አይበልህ። ላንድስኬፕ የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚያ ላይ ነው። የውሃውን መንገድ ሳይሠራ የተከለ ሰው ሐምሌ ላይ ችግኙን ከነአፈሩ አስፋልት ላይ ያገኘዋል። ከአንገረብ ግድብ በላይ ያለው የተራቆተ ተዳፋት ግድቡን እንዴት በደለል እንደሞላው አንተም ትሰማለህ። በትንሽ ግቢ ላይም የሚሆነው ያው ነው። ወደ ግንቦት ገደማ አንድ ሁለት ከባድ ዝናብ መጣሉ አይቀርም። ያን ቀን ቢሮ አትቀመጥ። ጃንጥላና ስልክህን ይዘህ ሳይት ውጣ፤ ውሃው የት እንደሚቆም፣ ማን ደጃፍ እንደሚገባ ቅረጽ።

አዘዞ አድገህ ስለ ዋልካ እኔ አልነግርህም። በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ ክረምት ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ነው። ያብጣል፣ ይኮማተራል። ቆርጠህ አውጥተህ በሴሌክት (በተመረጠ የሙሊት አፈር) ሳትተካ ኮብልስቶን ብትደረድርበት ክረምቱ ሲወጣ ጎርብጦ ታገኘዋለህ። ከተማው መሃል ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ሁለት ዶማ ሳትመታ ዓለት ላይ ትደርሳለህ። ስለዚህ የትም ሳይት ስትገባ ካርታ ከማየትህ በፊት አፈሩን ያዝ። አንድ እፍኝ አንሣ፣ ውሃ አርከፍክፍበት፣ እንደ ሊጥ እሸው። ከዚያ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሃል እየጨመቅህ ቀጭን አድርገህ አውጣው። ሳይበጠስ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንጠለጠለ ሸክላማ አፈር ነው። ቀጥለህ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍር፣ ውሃ ሙላው፣ ይስረግ። ድጋሚ ሙላና በሜትር ለካ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 2.5 ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልወረደ እዚያ ላይ ወይራ አትትከል፤ ሥሩ ይታፈናል። ይህን የሚለካ አርክቴክት ብዙ አይደለም። አንተ ለካው፤ ሪፖርትህ ውስጥም አስገባው።

ባለፈው ዓመት የመጣችልን ኢንተርን የሠራችውን ላጫውትህ። አንድ ሆቴል ግቢውን እናስተካክልለት ብሎ ጠራን። ባለቤቱ «ሣር በሣር አድርጉልኝ» አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ያን ሁሉ ሣር ማን ሊያጠጣው ነው? ልጅቷ አልተከራከረችውም። ውሃ ልክ ቱቦ፣ ችካልና ሲባጎ ይዛ ወረደች። ከአትክልተኛው ጋር ሆነው ከውጭ በር እስከ መመገቢያው ደረጃ ድረስ ችካል እየተከሉ ሲባጎውን በውሃ ልኩ አግድም እኩል አድርገው ወጠሩት። በሩ ጋ ሲባጎው መሬት ይነካል። ደረጃው ጋ ሲደርስ የልጅቷ ደረት ላይ ነው። ያ ሁሉ ተዳፋት ነው። የጣሪያው አሸንዳ ደግሞ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው እዚያው ደረጃው ሥር ይተፋል። ባለቤቱ ሬንደሩን አይቶ «ያምራል» ብሎ አልፎት ነበር፤ ሲባጎውን ሲያይ ግን ቆመ። «ለካ ለዚህ ነው ክረምት ክረምት ምንጣፍ የምንጨምቀው» አለ። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። በጎንደር ጥቁር ድንጋይ ሦስት ዝቅተኛ እርከን ተሠራ። ውሃውን ከደረጃው አርቆ የሚወስድ ጠጠር የተሞላ ቦይ ወጣ። ንጣፉ ከሕንፃው በ2 በመቶ እንዲሸሽ ተደረገ። ሣሩ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ብቻ ቀረ። የቀረው ወይራ፣ ቀጋና ቡገንቪል ሆነ። ልጅቷ የጨረሰችው እርከኑ ሲያልቅ ነው፤ ተከላው ሐምሌ ላይ ያለ እሷ ሆነ። ግን የተከላውን ፕላን የሠራችው እሷ ናት። የዛፉ ስም፣ ርቀቱ፣ የጉድጓዱ ልክ ሁሉ ተጽፎበታል። አትክልተኛው እሱን ይዞ ነው የተከለው።

ልትጠይቅ የሚገባህ ይህንን ነው። የትም ግባ፣ የራስህ የሆነ አንድ ቁራጭ መሬት ይስጡህ። ትንሽ ይሁን። የደረጃ ጎን ይሁን፣ የበር መግቢያ ይሁን። ለክተህ፣ ስለህ፣ ዋጋ አውጥተህ፣ ሲሠራ ቆመህ የምታየው ይሁን። አምስት ትልልቅ ፕሮጀክት ላይ ስምህ ከሚኖር ይኼ ይሻልሃል።

ብዙ ልጆች የፋሲል ግቢን ፕሮጀክቴ ላድርግ ይላሉ። አንተም ሳታስበው አትቀርም። ቦታው 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በቅርስ አዋጁ፣ በ209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቁፋሮ የለም። ችግኝ መትከልም ቁፋሮ ነው። እዚያ ላይ የሚሠራ ቡድን ውስጥ ከገባህ መታደል ነው፤ ካልገባህ ግን ወረቀት ላይ የሚቀር ሥራ ይሆንብሃል። ለመማር ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ጥምቀተ ባሕሩ (የፋሲል መዋኛ) ሂድና የቀሃ ውሃ በየት ገብቶ ገንዳውን እንደሚሞላው ተከትለህ እይ። አጥሩ ላይ የተጠመጠመውን የዛፍ ሥርም እይ። ቱሪስት ፎቶ የሚነሣበት ሥር ለግንበኛ ራስ ምታት ነው፤ ትልቅ ዛፍ ከግንብ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት እዚያ ይገባሃል። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ግባ። ሁሉም ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አይቶ ይወጣል፤ አንተ ውጭ ቆይ። 12ቱ ማማዎች ያሉበት አጥርና የዛፎቹ ጥላ ግቢውን እንዴት እንደያዙት አይተህ ንደፈው።

ስለ ክፍያ፦ አትጠብቅ። አብዛኛው ቦታ አይከፍልም። የትራንስፖርትና የምሳ መጠየቅ ግን ነውር የለውም፤ ከአዘዞ በየቀኑ ታክሲ መሳፈር ቀላል ወጪ አይደለም። የምትጠይቀው ታዲያ ደብዳቤው ሲገባ ነው፤ ሁለት ወር ከሠራህ በኋላ ብታነሣው ያኮርፉሃል። ሴፍቲ ጫማ፣ ባለ 5 ሜትር ሜትር፣ የንድፍ ደብተርና እርሳስ ያዝ። ላፕቶፕህ ላይ አውቶካድና ስኬችአፕ ካሉ ይበቃል።

ባለ ችግኙ

ልጄ፣ ቀሃ ማዶ የነገረችህን ስማት፤ ልክ ናት። እኔ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ከአርክቴክቶች ጋር ስለምንጨቃጨቅበት ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር።

ፕላን ይመጣልናል። «ወይራ፣ ቁመት 2 ሜትር፣ ብዛት 200፣ ለሐምሌ» ይላል። ከየት ይምጣ? ወይራ እኮ ባሕር ዛፍ አይደለም። ፍሬው ደረቅ ነው፤ ቅርፊቱን ሰበር ካላደረግኸው ለመብቀልም ይለግማል። ከበቀለም በኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ጥድም ዝግባም እንደዚያው ነው። ሰውየው ቁመት የጻፈው ከኮምፒውተሩ አይቶ ነው። ከዚያ ወይራው ሲጠፋ በችኮላ ግራቪሊያ ይተካል፤ ፕላኑና ግቢው አይተዋወቁም።

አንተ ያለህ ጊዜ ለእኛ ዋናው ወቅት ነው። የካቲትና መጋቢት መደቡ ሞልቶ ታገኘዋለህ። ሥሩ ከፕላስቲኩ ወጥቶ መሬት እንዳይዝ ችግኙን እያነሣን የወጣውን ሥር እንቆርጣለን። ግንቦት ሲገባ ውሃውን እንቀንሳለን፣ ዳሱንም እናነሣለን፤ ፀሐዩን ይልመደው። ይህን ሳይለምድ የወጣ ችግኝ የተተከለ ሰሞን ይጠወልጋል፤ ከዚያ «ችግኛችሁ ደካማ ነው» እንባላለን። ፕላስቲኩን ሳይቀድዱ የሚተክሉም አሉ፤ እሱን አላወራም፣ ደሜ ይፈላል።

አንድ ደግሞ። ዋንዛ ጥላው ግሩም ነው፤ መኪና ማቆሚያ ላይ ግን አትሳለው። ፍሬው ሙጫ ነው፣ ባለመኪናው ይረግምሃል። ሰው የሚቀመጥበት ሜዳ ዳር ላይ አድርገው።

የአዘዞው ልጅ

ጋሼ፣ ቀሃ ማዶ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት አንድ የእግረኛ መንገድ ሳይት ሄጄ ነበር። ፎርማኑ መጀመሪያ ቀና ብሎም አላየኝ። «ሜትር ልያዝ» ስለው ሳቀና ያዝ አለኝ፤ ከሰርቬየሩ ጋር እስከ ምሳ ሰዓት ቆየሁ። ሰኞ ደብዳቤህን ይዘህ ና ብሎኛል። «ና» ያለኝ ቢሮም ሳይት ፕላኑን ሊሰጠኝ ተስማምቷል። አሁን ጭንቀቴ ተገለበጠ። ሁለቱንም መያዝ ይቻላል? ሎግቡክ (የዕለት ሥራ መዝገቤ) ላይስ ምን ልጻፍ? አማካሪ መምህሬ ሩቅ ነው፤ የሚመጣም አይመስለኝም።

ቀሃ ማዶ

ጎበዝ! ሁለት ቦታ የሚለውን እንደ ዘበት አታድርገው። ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የሚያውቀው ደብዳቤ የገባበትን አንዱን ድርጅት ነው፤ የሚገመግምህም እሱ ነው። የትስስር ቢሮአችሁን ደውለህ ጠይቅ። የተቋምህ ደንብ ከፈቀደ ጊዜውን ለሁለት ከፍለህ በጽሑፍ አስጨርስ። ካልፈቀደ እኔ ሳይቱን እመርጣለሁ፤ አውቶካድ ማታ ቤትህም ትሠራዋለህ። ቢሮውን ግን በአግባቡ ተሰናበት፤ ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገ ሥራ ስትፈልግ ያው እነሱ ጋ ነው የምትሄደው።

ሎግቡክ ላይ «ዛሬ ሳይት ጎበኘሁ» የሚል ነገር እንዳላይ። ምን ተሠራ፣ በምን ያህል ልክ፣ ምን ጠየቅህ፣ ማን ምን መለሰ ብለህ ጻፍ። ከጎኑ ልክ ያለው ትንሽ ንድፍ አድርግ። ለምሳሌ «ራምፑ (ተዳፋት መወጣጫው) 1 ለ 12፣ ማለትም በ12 ሜትር 1 ሜትር ከፍታ፣ ተብሎ ተስሏል፤ ሳይት ላይ ስንለካው 1 ለ 8 ነው፤ የመሬት ውስጥ ቱቦ ስላጋጠመ ነው» ብለህ ብትጽፍ መምህሩ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ዊልቸር የሚገፋ ሰው 1 ለ 8 ላይ ምን እንደሚሆንም ጨምርበት።

ፊርማውን በየሳምንቱ ዓርብ ዓርብ አስፈርም። ሁሉንም ሰኔ ላይ ላስፈርም ያለ ልጅ መሐንዲሱ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛውሮ በስልክ ሲለምን አይቻለሁ። ፎቶ ስታነሣ ሜትር ወይም ሰው ይግባበት፤ ያለዚያ የጉድጓዱ ልክ አይታወቅም። የድርጅቱን ድሮዊንግ ሪፖርትህ ውስጥ ከማስገባትህ በፊት አስፈቅድ። መምህርህ ካልመጣ አንተ በየሁለት ሳምንቱ በቴሌግራም ሦስት ፎቶና አንድ ጥያቄ ላክለት። ጥያቄ ከሌለው መልስ አይሰጥህም።

ሌላው፣ የያዝከውን ቁራጭ መሬት ዋጋ ራስህ አውጣው። ድንጋዩ በሜትር ኪዩብ፣ ችግኙ በፍሬ፣ ጉልበቱ በቀን ስንት እንደሆነ ገበያ ወርደህ ጠይቅ። ከበይነ መረብ የተቀዳ ዋጋ ወዲያው ነው የሚታወቀው።

ስኬል አንድ ለመቶ

ቀሃ ማዶ፣ ስለ ሳይት ፕላኑ ያልሽውን ተቀብያለሁ፤ የእኛም ቢሮ ያው ነው። ስትመረቅ ግን አዲስ አበባ መምጣትህ አይቀርም፣ ደሞዙ ይጠራሃል። ያኔ ላፕቶፕህን ይዘህ ና፣ ሉሚየን (ሬንደር መሥሪያ ሶፍትዌር) አሳይሃለሁ።

ባለ ችግኙ

እሱ እስኪደርስ ቅዳሜ ጠዋት እኛ ጋ ና ልጄ። አድራሻውን በውስጥ ልኬልሃለሁ። መደቡን የምናጠጣው ፀሐይ ሳይበረታ ስለሆነ አንድ ሰዓት ላይ ድረስ። ቦቲ ካለህ አድርግ። ላፕቶፑን ቤት ተወው።